ቀላል ነው የተባለው ቫልቭ

«ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። በቃ አለቀልኝ ስል አንዴ ድው ብሎ ይነሳል።»

የአክስቴ ልጅ ሕመሟን የነገረችን እንዲህ ብላ ነው። 22 ዓመቷ ነው፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ትሠራለች። ከፈረቃ ገብታ በግራ ጎኗ ጋደም ስትል ይብስባታል። እናቷ መጀመሪያ የጠረጠረችው ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ሚኒባሱ ይህን ሁሉ ሽቅብ የሚወጣው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ነውና ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይባልም። ግን ልጅቷ ዳገት ሳታይ ኮምቦልቻ ቤቷ ተኝታም ያው ነው። ቀጥሎ ቡናው ተከሰሰ። ከቡናው ቀጥሎ የሰው ዐይን።

በመጨረሻ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ክሊኒክ ገብታ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነሳች። «የልብሽ በር ትንሽ ያፈሳል። ቀላል ነው፤ አታስቢ» ብለው ወረቀት ሰጥተው ሸኟት። አክስቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ጀበናዋን ጣደች። ልጅቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ቀላል ከሆነ ታዲያ ለምን አያስተኛኝም?» አለች።

ቤቱ ውስጥ የመለሰላት አልነበረም። እኔም ነገሩን ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። ጥያቄዋ ሐኪሞችን ራሳቸውን ከመቶ ዓመት በላይ አድክሟል፤ ሁለት ጊዜም መንገድ አስቷቸዋል። ከመልሱ ትልቁን ድርሻ ያገኙት ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ነው።

ልብን በመሣሪያ ማዳመጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ላይ ነው። ሬኔ ላኤኔክ የተባለው ሐኪም የልብ ሕመም ምልክት ያላት አንዲት ወጣት ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ አሳፈረውና ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጥርት ብሎ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የልብን ድምፅ አንድ በአንድ ስም እያወጡ መመዝገብ ያዙ።

ከድምፆቹ አንዷ ግን ቦታ አጣች። ልብ ስትጨመቅ፣ በሁለቱ የታወቁ ምቶች መካከል፣ ቀጠን ብላ ጠቅ የምትል ናት፤ አንዳንዴም ሽውታ ይከተላታል። ፈረንሳዊው ሉዊ ጋላቫርዳን እ.ኤ.አ. በ1913 ይህች ጠቅታ የተሰማባቸውን ሰዎች አስከሬን ሲመረምር የልብ ሽፋንና የሳንባ ሽፋን ተጣብቀው አገኘ። ድምፁ ከልብ ውጭ ነው ተባለ፤ ፋይሉም በዚሁ ተዘጋ። ለሃምሳ ዓመት ያህል ጠቅታዋ የተሰማበት ሰው ሁሉ «ልብህ ደህና ነው» እየተባለ ተሸኘ።

ይህን ለመቀበል የተቸገረው ጆን ባርሎው ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊ፣ ጆሃንስበርግ በሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የልብ ሐኪም። እሱና ባልደረቦቹ የልብን ግራ ክፍል በራጅ በሚታይ ፈሳሽ ሞልተው፣ ልብ ስትጨመቅ በፊልም ቀረጿት። ፊልሙ ላይ ሽውታው በሚሰማበት ቅጽበት ደም ከታችኛው የግራ ክፍል ወደ ላይኛው ሲመለስ ታየ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው በር፣ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ፣ ከተዘጋ በኋላ ክንፉ ወደ ኋላ እየተለጠጠ ደም ያሳልፋል። ጠቅታዋም ክንፉና ክንፉን የያዙት ቀጫጭን ጅማቶች ድንገት ሲወጠሩ የምትሰማ ናት። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ታተመ። ከልብ ውጭ ነው የተባለው ድምፅ ከልብ እምብርት ሆኖ ተገኘ።

አሁን ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የልብ አልትራሳውንድ በየሆስፒታሉ ሲስፋፋ፣ ባርሎው ያገኘው የተለጠጠ ቫልቭ በየሰዉ ደረት ውስጥ ይታይ ጀመር። ከመቶ ሰው 15 ያህሉ አለበት የሚሉ ጥናቶች ወጡ፤ ከዚያም በላይ ያሉ አልጠፉም። ልቡ የሚመታበት፣ ደረቱን ወጋ የሚያደርገው፣ ጭንቀት የያዘው ወጣት ሁሉ ኢኮ ይነሳል፤ ቫልቩ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይታያል፤ የሕመሙ ሁሉ ምክንያት እሱ ነው ይባላል። ስንቱ ጤነኛ ሰው ያን ዘመን የልብ በሽተኛ ነኝ ብሎ እንደኖረ ሳስብ ይገርመኛል። ኳስ የተወ አለ፤ መውለድ የፈራች አለች።

ነገሩን ያስተካከለው የቫልቩን ቀለበት በቅርብ ያየ ሰው ነው። ቦስተን ውስጥ የሚሠራው ሮበርት ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሥራ፣ ክንፎቹ የሚያርፉበት ቀለበት ዝርግ እንዳልሆነ አሳየ። ቅርጹ የፈረስ ኮርቻ ነው፤ ፊትና ኋላው ከፍ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ያለ። ፈረስ የሚያውቅ የወሎ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ከጎን ሲያዩትና ከፊት ሲያዩት ከፍታው አንድ አይደለም። ኢኮ የሚያነሳው ሐኪም በአንድ በኩል ብቻ ካየ፣ ደህናው ክንፍ ከቀለበቱ በላይ የወጣ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ መለኪያው ጠበቀ። በአዲሱ መለኪያ አሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ውስጥ 3,491 ሰዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ ሲወጣ፣ እንዲህ ዓይነት ቫልቭ የተገኘባቸው 84 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 2.4። የደረት ውጋትም፣ የትንፋሽ ማጠርም ቫልቫቸው ደህና ከሆኑት ሰዎች በልጦ አልተገኘባቸውም።

ታዲያ ሌሊት የምትዘለው ምት ከየት መጣች?

ይህን ለማወቅ ልብን ቀኑን ሙሉ መከተል ያስፈልግ ነበር። ሆስፒታል ገብቶ ለጥቂት ሰከንድ የሚነሳው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ የዘለለችውን ምት ብዙ ጊዜ አያገኛትም፤ ታካሚው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ልቡ ሥርዓት ይይዛል። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ይኖር የነበረው ኖርማን ሆልተር የልብን ኤሌክትሪክ እየቀዳ በሬዲዮ የሚልክ መሣሪያ ሠራ። የመጀመሪያው 38 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ በጀርባ ይታዘላል። እያነሰ እያነሰ ሄዶ ዛሬ በወገብ የሚታሰር ወይም ደረት ላይ የሚለጠፍ ሆኗል፤ ስሙም እስካሁን ሆልተር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ ጥናት ይህን መሣሪያ 50 ጤነኛ የሕክምና ተማሪዎች ላይ ለ24 ሰዓት አሰረ። ከግማሽ የሚበልጡት ከላይኛው የልብ ክፍል፣ ግማሾቹ ደግሞ ከታችኛው ክፍል የተነሳች ትርፍ ምት ተገኘችባቸው። ልባቸው ምንም የለበትም። ትርፍ ምት ማለት ልብ ሳትሞላ ቀድማ የምትመታው ናት፤ ብዙ ደም ስለማትገፋ እጅ ላይ አትሰማም። ከእሷ በኋላ ልብ ትንሽ ታርፋለች፤ በዕረፍቱ ከወትሮው በላይ ትሞላለች፤ ቀጣዩ ምት ያን ሁሉ ሲገፋ ደረት ላይ ድው ይላል። የአክስቴ ልጅ «ቀጥ ይላል» ያለችው ዕረፍቱን ነው፤ «ድው ብሎ ይነሳል» ያለችው ቀጣዩን ምት። በግራ ጎን ሲተኙ የሚብሰው ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለምትጠጋ ነው፤ ማታ የሚብሰውም ቤቱ ጭር ስለሚል።

ቡናውም የሚገባውን ያህል ብቻ ይወቀስ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች 100 ጤነኛ ሰዎችን አንድ ቀን እያስጠጡ፣ ሌላ ቀን እየከለከሉ የልብ መቅረጫ አሰሩባቸው። ከላይኛው ክፍል የሚነሱት ትርፍ ምቶች በቡና ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ከታችኛው ክፍል የሚነሱት ግን በቀን በአማካይ ከ102 ወደ 154 ከፍ አሉ። ሰዎቹ ቡና በጠጡ ቀን 1,000 እርምጃ ያህል ጨምረው ተራመዱ፤ ከእንቅልፋቸው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀነሰባቸው። አክስቴ ይህን ስነግራት «ጎረቤት ተጠርቶ በረካ ሳይደርስ ማን ይነሳል?» አለችኝ። አቦሉን ትጠጣ፣ ማታ ማታ ይቅርባት ብለን ተስማማን። ጫት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ልቡ የሚዘልበት ሰው ቢተወው ይሻላል። የደም ማነስም ልብን ያስመታል። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም እንዲሁ፤ እንቅርት ደግሞ ለወሎ ደጋ እንግዳ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሚያጽናና ነው። ቫልቩ ትንሽ ቢያፈስም፣ ምቱ ቢዘልም ሁለቱ የየራሳቸው ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም አያሰጉም። የኮምቦልቻው ክሊኒክ «አታስቢ» ያላትም ይህንኑ ይዞ ይመስለኛል። እኔም በዚሁ ልቤ ሊያርፍ ነበር፤ ደሴ ያለ አንድ የልብ ሐኪም ዘንድ ወረቀቱን ይዘን ባንሄድ ኖሮ።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ልጅቷ በግራ ጎኗ ተኝታለች፤ ሐኪሙ ቀዝቃዛውን ጄል ደረቷ ላይ ቀብቶ መሣሪያውን ከጡቷ ሥር ያንቀሳቅሳል። ስክሪኑ ላይ ቫልቩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በተዘጋ ቁጥር ከሥሩ ጠባብ ሰማያዊ ቀለም ወደ ላይኛው ክፍል ብልጭ ትላለች። የሚያፈሰው እሱ ነው። ሐኪሙ ሥዕሉን ቀጥ አድርጎ ሲያይ ቆየና፣ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ አክስቴን ጠየቃት።

«እናቴ፣ ይህቺ ልጅ በልጅነቷ መገጣጠሚያዋን ታማ ታውቃለች? ጉልበቷን፣ ክርኗን?»

«ኧረ እንዴት አልታመመች ልጄ! ዘጠኝ ዓመቷ እያለ ቀኝ ጉልበቷ ድንገት አብጦ ትኩሳት ጣላት። እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷን፣ ያ ሲሻላት ክርኗን። ቁርጥማት ነው ተብሎ በቅቤ አሸናት፤ ተዋት።»

«ከዚያ በፊትስ ጉሮሮዋን?»

«ጉሮሮዋንማ ያን ሰሞን ብሶባት እንጥሏን አስቆረጥናት።»

የሐኪሙ እጅ ቆመ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። «ይህቺን የክንፉን ጫፍ እዩዋት» አለ። «ወፍራም ናት። ስትከፈትም እንደ ልቧ አትንቀሳቀስም።»

ሌላኛው ታሪክ ከዚህ ይጀምራል፤ የሚገርመው ወደዚያው ወደ ባርሎው ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የባርሎው ቡድን ማዳመጫውን አንግቶ የጆሃንስበርግ ጥቁሮች ወደሚኖሩባት ወደ ሶዌቶ ወረደና የ12,050 ተማሪዎችን ልብ አዳመጠ። ያቺ ጠቅታ ከ1,000 ልጆች በ14ቱ ገደማ ተሰማች። አብሯት ግን ሌላ ነገር ተገኘ፤ ከ1,000 ልጆች ሰባት ያህሉ በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቫቸው ተጎድቶ ነበር፤ ከእነሱም አብዛኞቹ መታመማቸውን አያውቁም ነበር። አንድ ቫልቭ፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ሐኪም፤ ሁለት የማይገናኙ በሽታዎች። አንደኛው ቫልቭ ሲፈጠር ስስ ሆኖ ተፈጥሮ የሚለጠጥ ነው። ሁለተኛው ደህና ሆኖ ተፈጥሮ በልጅነት የቆሰለ።

የሚያቆስለው ከጉሮሮ ይነሳል። ስትሬፕቶኮከስ የምትባለው ባክቴሪያ ሕዝባችን በደፈናው ቶንሲል የሚለውን የጉሮሮ ሕመም ታመጣለች። አብዛኛው ልጅ ይድናል። በጥቂቶቹ ግን የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያዋን ሊወጋ የሠራውን መሣሪያ በራሱ ልብና መገጣጠሚያ ላይ ያዞራል፤ ባክቴሪያዋና የልብ ሥጋ የሚመሳሰል ነገር ስላላቸው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሩማቲክ ትኩሳት ይመጣል። የመገጣጠሚያው እብጠት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞርና ምልክት ሳይተው ይሄዳል። የቫልቩ ቁስል ግን ይጠነክራል፣ ይወፍራል፣ ይኮማተራል፤ ጉሮሮው ደጋግሞ በታመመ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያዋን አያወጣም፤ የሚያተርፈው የደም መፍሰስና ሌላ ቁስል ነው። ይህን የምለው አክስቴን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ዘመን የሰፈራችን ልጅ ሁሉ የተቆረጠ ነው፤ እኔም ጭምር።

መድኃኒቱ እንደሚሠራ የታወቀው ወታደር ካምፕ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኘው ፎርት ዋረን የአየር ኃይል ሰፈር የጉሮሮ ሕመም ተዛምቶ ነበር። የቻርልስ ራመልካምፕ ቡድን 800 ያህሉን ታማሚዎች በፔኒሲሊን አከመ፤ ሌሎች 800 ያህሉ ያኔ እንደተለመደው ያለ ፔኒሲሊን ቆዩ። ፔኒሲሊን ካገኙት 2 ሰዎች፣ ካላገኙት 17 ሰዎች ሩማቲክ ትኩሳት ያዛቸው። ብዙ ሳይቆይ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መጣ፤ እኛ አገር ታማሚው «የወሩ መርፌ» የሚለው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በሽታው ከዚያ በኋላ ወደ መረሳቱ ተቃረበ፤ መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም፣ የተሻለ ቤትና ያልተጨናነቀ መኝታም ረድቷል።

አልትራሳውንዱ ራሱ የተወለደው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። ስዊድን ሉንድ ከተማ የነበረው የልብ ሐኪም ኢንጌ ኤድለር፣ በሩማቲክ የጠበበ ቫልቭ ካላቸው በሽተኞቹ ለቀዶ ጥገና የሚሆኑትን መለየት አቅቶት ነበር። የፊዚክስ ሰው ከሆነው ከሄልሙት ኸርትስ ጋር ማልሞ ከሚገኝ የመርከብ ፋብሪካ የብረት ስንጥቅ መፈተሻ መሣሪያ ተዋሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በጥቅምት ወር በመሰል መሣሪያ የመጀመሪያውን የልብ እንቅስቃሴ ቀረጹ። ዛሬ ደሴ ላይ ጄል ተቀብቶ የሚሠራው ምርመራ የዚያ ልጅ ነው።

ይህ መሣሪያ እያነሰ ሄዶ ትምህርት ቤት ሲገባ የሶዌቶው ቁጥር እንኳ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት በሞዛምቢክ 2,170 ተማሪዎችን መጀመሪያ በማዳመጫ ለይቶ፣ ከዚያ ሁሉንም በኢኮ አየ። በማዳመጫው መንገድ የተገኙት 5 ልጆች ነበሩ፤ በኢኮ 66። ጆሮ የማይሰማው፣ ልጁም የማያውቀው ቀላል ጉዳት ያን ያህል ብዙ ነው። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሮፌሰር ከበደ ኦሊ ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም ኢትዮጵያ ውስጥ ከሌላው አገር የከፋ ይሆን እንዴ ብለው ጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በልዩ ልዩ ክልሎች ከ3,000 በላይ ተማሪዎች ኢኮ ተነስተው ውጤቱ ሲታተም፣ ከ1,000 ተማሪዎች 19 ያህሉ ላይ ምልክቱ ተገኘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት፣ ደግሞ የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች አዲስ አበባ ተሰብስበው በሽታው ከአህጉሩ የሚጠፋበትን ሰባት ነጥብ የያዘ መግለጫ አውጥተዋል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር፤ ለእኛ ቤት ዋናው እሱ ነው። ጉዳቱ ገና ቀላል ከሆነ፣ ልጁም ምንም ካልተሰማው፣ በየወሩ መወጋቱ ይጠቅመዋል ወይስ በከንቱ ማሠቃየት ነው? ለዓመታት ሐኪሞች በዚህ አልተስማሙም። መልሱ የመጣው ከሰሜን ኡጋንዳ፣ ከጉሉ ነው። ከ100,000 በላይ ልጆች በኢኮ ተጣርተው፣ ገና ያልታወቀ ቀላል ጉዳት ያለባቸው 916 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ተወጋ፣ ሌላው አልተወጋም። ከሁለት ዓመት በኋላ የባሰባቸው ልጆች ሲቆጠሩ ካልተወጉት 33፣ ከተወጉት 3 ሆኑ። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው፤ ትናንት ማለት ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ ኢሲጂ ስትነሳ ትርፍ ምቶቿ በዕድል ወረቀቱ ላይ ወጡ፤ ሐኪሙ በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳየ «እነዚህ ናቸው እንቅልፍ የነሱሽ፤ አይገድሉሽም» አላት። የደም ምርመራዋ ደህና ነበር። ለምቱ መድኃኒት አላዘዘላትም። ለቫልቩ ግን በየ4 ሳምንቱ መርፌ አዘዘ፤ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ ምናልባትም እስከ 40 ዓመቷ። ለካስ የምትፈራው የማያሰጋውን ኖሯል፤ ቀላል ነው ተብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው ግን የሚያሰጋውን።

መርፌው ያማል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ተወግታ በቀጣዩ ቀን ስፌት ማሽን ላይ ስትቀመጥ ዳሌዋን እያዘነበለች ነው። በገባች ቁጥር ነርሷ ለፔኒሲሊን አለርጂ እንዳላት ትጠይቃታለች፤ ከተወጋችም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጣ ታያታለች። ቫልቩ በጣም ለተጎዳ ሰው ሐኪሙ በመርፌው ፈንታ የሚዋጥ ሊመርጥ ይችላል። ከባዱ ግን ወሩን አለመዝለል ነው። ፈረቃ ይቀየራል፣ መድኃኒት ከፋርማሲ ይጠፋል፣ መንገድ ይዘጋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። የ4 ሳምንት ቀጠሮ ላለበት ሰው እንዲህ ያለው ወር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

መርፌው የተቋረጠባቸው፣ ወይም ጭራሽ ያልጀመሩት፣ ጉዳቱ ከከፋባቸው መጨረሻቸው ቫልቭ ማስቀየር ሊሆን ይችላል። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ1981 ዓ.ም. የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ለመክፈት 20 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ዛሬም በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ይጠብቃሉ። የእያንዳንዱ ቀዶ ጥገና ወጪ ከአንድ ሰው የብዙ ዓመት መርፌ ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል።

ልቡ የሚዘልበት አንባቢ አይደንግጥ፤ ግን እየዘለለ ራስ ካሳተው፣ ደረቱን ከጨመቀው፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው፣ እግሩ ካበጠ ወይም ምቱ ለሰዓታት ወጥ ሳይሆን ከተምታታ ነገ ሳይል ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ቫልቭሽ ያፈሳል የተባለች ሴት ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ በእርግዝና የደም መጠን በግማሽ ገደማ ስለሚጨምር ያልታወቀ የቫልቭ ጥበት ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ያኔ ነው። የኢኮ ወረቀታችሁ ላይ «ቀላል» የሚል ካያችሁ ደግሞ ሳትወጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከምን የመጣ ነው? መርፌ ያስፈልገኛል? ልጃችሁን ጉሮሮው ድንገት ከትኩሳት ጋር ቢያመው፣ ሳል ሳይኖረው የአንገቱ ዕጢ ቢያብጥ፣ ወደ ቆራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረ ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል።